እርሾ የተባለው ውሃ

ፋዲላ ሃያ ሁለት ዓመት ዓሣ ነግዳለች። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ከአዳማ ወደ ባቱ ትሄድ ነበር። ከሐይቁ ዳር ከጀልባ የወረደውን ቆሮሶ የሚባል ዓሣ ተረክባ፣ ሰማያዊ ክዳን ባለው የበረዶ ሣጥን ሞልታ፣ በሚኒባስ ትመለስ ነበር። ረዳቶቹ ውሃ የሚያንጠባጥብ ዕቃ ስለማይወዱ ከሣጥኑ ሥር ሁልጊዜ ሁለት ማዳበሪያ ደርባ ታነጥፍ ነበር። ማዳበሪያዎቹን ማታ አጥባ አጥሩ ላይ ታሰጣቸው ነበር።

ዓሣ ስትገዛ ችኩል አይደለችም። ዓይኑ የደፈረሰውን ትመልሳለች፤ ስንጥቡን፣ መተንፈሻውን፣ በአውራ ጣቷ ገለጥ አድርጋ ቀይነቱን ካላየች አትወስድም። ቅርፊቱን የምታወልቅበት መሣሪያ ቆርኪ በላዩ የተቸነከረበት አጭር እንጨት ነው። አሥራ ሁለት ቆርኪ አለው፤ ሲዝግ ትቀይረዋለች።

ትውልዷ ዴራ ነው፤ ዓሣ መነገድ የጀመረችውም እዚያው ሆና ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ አዳማ መጥታ በወይዘሮ እልፍነሽ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየች። እዚያው አሥራ አራት ዓመት ሆናት። ወይዘሮ እልፍነሽ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ቀን ቀን በረንዳቸው ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ግቢውን ይጠብቃሉ። ፋዲላ እትዬ ትላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ ሲደሰቱ ፋዲዬ፣ ሲቆጡ ደግሞ ሙሉ ስሟን ይጠራሉ።

አምና በክረምት ፋዲላ መናኸሪያ ውስጥ ሣጥኗን ስታወርድ አዳልጧት ጉልበቷን ተጎዳች። የጤና ጣቢያው ሴት ከባድ ነገር አትሸከሚ አለቻት። ሐይቁም እንደ ድሮው አልነበረም፤ የሚወጣው ዓሣ አነስ ብሎ፣ ገዢው በዝቶ፣ ግማሽ ሣጥን ይዛ የምትመለስበት ቀን ተደጋግሞ ነበር። በዚያው ሰሞን በቀበሌው አዳራሽ ለሦስት ቀን ሥልጠና ተሰጠ። አሠልጣኟ ዱሬቲ የምትባል ወጣት የዓሣ ባለሙያ ነበረች። ርእሱ ዓሣን በትንሽ ግቢ፣ በትንሽ ውሃ ማርባት ነበር። ከሠለጠኑት ለአራቱ ገንዳ ተሰጠ፤ አንዷ ፋዲላ ሆነች፤ የባቱን ጉዞም ተወች።

ገንዳው ክብ ነው። ዙሪያው የብረት መረብ፣ ውስጡ ወፍራም ሰማያዊ ሸራ፣ ወርዱ አራት እርምጃ፣ ቁመቱ እስከ ደረት። ከጎኑ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ንፋስ የሚነፋ ፓምፕ ተቀምጧል፤ ከእሱ የሚወጡት ቀጫጭን ቱቦዎች ጫፋቸው ላይ ድንጋይ አላቸው፤ ከድንጋዩ አረፋ ይወጣል። ፓምፑ ቀንና ሌሊት ይሠራል። ድምፁ የልብስ ስፌት መኪና ይመስላል።

ለገንዳው ቦታ የፈቀዱት ወይዘሮ እልፍነሽ ናቸው። ልጃቸው ጋሮምሳ ግን በዚያው ጥግ ላይ ሁለት የሚከራዩ ክፍሎች ሊሠራ አስቦ ነበር። ጋሮምሳ ሞጆ ደረቅ ወደብ ትራንዚተር ነው፤ የኮንቴይነር ወረቀት ሲያስጨርስ ውሎ ማታ ይመለሳል። ነገሩን ሦስቱ ሆነው በረንዳ ላይ ተነጋገሩበት።

«እስከ ፋሲካ ይሁን» አለ ጋሮምሳ። «አንድ ዙር ያውጡ፣ አዴ ፋዲላ። ከሆነ እናያለን። ካልሆነ ገንዳው ይነሳል፣ እኔም ቤቴን እሠራለሁ።»

ፋዲላ ተስማማች። ካልሆነ ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች፤ የባቱ መንገድ፣ የበረዶው ሣጥንና ያው ጉልበቷ።

በጥቅምት ስድስት መቶ የዓሣ ጫጩት በኦክስጅን በተነፋ ፌስታል ከባቱ መጣላት። ውሃው በመጀመሪያው ሳምንት ጥርት ያለ ነበር። በሁለተኛው የሻይ ቀለም ያዘ። በአምስተኛው ሳምንት የገንዳው ወለል አልታይ አለ፤ ቡናማ ብናኝ በውሃው ውስጥ ከላይ ታች ይዞር ጀመር።

ወይዘሮ እልፍነሽ ከወንበራቸው ተነሥተው መጥተው አዩት።

«ፋዲላ፣ ይሄ ውሃ ጉሽ ጠላ መሰለ። መቼ ነው የምትቀይሪው?»

«አይቀየርም እትዬ።»

«እስከ መቼ?»

«ጭራሽ።»

«እንግዲህ እኔ አልበላውም» አሉ።

«እርስዎማ ድሮም በጾም አይበሉም።»

«በፍስኩም ነው የምልሽ።»

በማግስቱ ዱሬቲ ስትመጣ ወይዘሮ እልፍነሽ ጠየቋት። ዱሬቲ ቁጭ ብላ አስረዳች። ዓሣ ይበላል፣ ኩሱን ይጥላል፣ የምግቡ ትርፍም ይበሰብሳል፤ ከዚህ የሚወጣው መርዝ ዓሣውን ይገድለዋል። ስለዚህ ሌላው ሰው ውሃውን ይደፋል። እዚህ ግን ውሃው ውስጥ ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን አሉ። ሞላሰስ፣ ማለትም የስኳር አገዳ ዝቃጭ፣ ሲጨመርላቸውና አየር ሲያገኙ መርዙን በልተው ይራባሉ፤ እርስ በርስ ተያይዘው እንደ ብናኝ ይሆናሉ። ብናኙን ደግሞ ዓሣው መልሶ ይበላዋል። ውሃም ይቆጠባል፣ ምግብም።

«ስሙ ማን አልሽኝ?»

«ፍሎክ ነው እማማ።»

«ብሎኬት?»

«ፍሎክ።»

«ብሎኬትማ ልጄ ነው ሊያመጣ የፈለገው» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ። ዱሬቲ ሳቀች። ፍሎክ የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ በግቢው ውስጥ ማንም አልተናገረውም።

ፋዲላ ዱሬቲ ከሄደች በኋላ ነገሩን በራሷ መንገድ ልታስረዳ ሞከረች። «እትዬ፣ እርሾ በሉት» አለች። «እርሾ ይደፋል? ለሚቀጥለው ሊጥ ይቀመጣል እንጂ። ይሄም እንደዚያ ነው፤ ሲቆይ ነው የሚጎለምሰው።»

ወይዘሮ እልፍነሽ ይሄን ወዲያው ተረዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ውሃው አላጉረመረሙም፤ እንዲያውም ጎረቤት መጥቶ አፍንጫውን ሲይዝ «እርሾ ነው፣ አታውቁትም» ይሉ ነበር። ፋዲላም፣ ተከራዮቹም፣ ጋሮምሳም እርሾ አሉት።

ፋዲላ ጠዋት ጠዋት እርሾውን ትለካለች። አንድ ሊትር የሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጣ፣ አፉን ከድና ገልብጣ፣ በሽቦ መስኮቱ ላይ ሰቅላዋለች። ከገንዳው ቀድታ ትሞላውና ግማሽ ሰዓት ትተወዋለች። ብናኙ ቀስ እያለ ወደ ጠርሙሱ አንገት ይወርዳል፤ ከላዩ የሚቀረው ውሃ ቀጭን ሻይ ይመስላል። የወረደው ከሁለት ጣት ካነሰ ሞላሰስ በሞቀ ውሃ በጥብጣ ትጨምራለች፤ ከአራት ጣት ካለፈ ለጥቂት ቀን ትተዋለች። ከዚያ ሽፋኑ ላይ የአበባ ሥዕል ባለው ደብተር ትጽፋለች፦ ቀን፣ ስንት ጣት፣ ምግብ፣ መብራት የሄደበት ሰዓት። መብራት ለሚሄድበት ጊዜ የመኪና ባትሪና በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ፓምፕ አላት።

ወይዘሮ እልፍነሽ ይሄን ሁሉ በየዕለቱ ከወንበራቸው ላይ ያዩታል።

የሁዳዴ ጾም ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ከዴራ ስልክ ተደወለ። የፋዲላ አጎት ኑሬ አርፈዋል። ቀብሩ በዚያው ቀን ስለሆነ ፋዲላ ቸኮለች። ነጠላዋን ለብሳ ቦርሳዋን እንደያዘች ወደ በረንዳው መጣች።

«እትዬ፣ ምግቡን ቀትር ላይ አንዴ ይበትኑልኝ፣ በዚች ጣሳ ሁለት። መብራት ከሄደ ይቺን ከባትሪው ያገናኟት፤ ቀዩን ከቀዩ ጋር። እርሾውን አደራ።»

«ሂጂ፣ ሂጂ። አላህ ያጽናችሁ። እርሾ የሚያውቅ ሰው ነው የያዘው።»

ቀትር ላይ ወይዘሮ እልፍነሽ ሁለቱን ጣሳ በተኑ። ዓሣዎቹ ተሻምተው በሉ። ከዚያ ቆመው ገንዳውን ሲመለከቱ ዳር ዳሩን የያዘ ወፍራም አረፋ አዩ። ጎንበስ ብለው አሸተቱት፤ የኮመጠጠ መሰላቸው። በዕለቱ ሙቀቱ የበረታ ነበር።

ሊጥ በሙቀት ቶሎ እንደሚኮመጥጥ ያውቃሉ። ሲኮመጥጥ ማሳረፍ ነው፤ ላዩ ላይ የሚወጣው ጥቁር ውሃ ይደፋል፣ ከሥር የተኛው ወፍራሙ ይቀራል። ይሄ እርሾ ግን ከጥቅምት ጀምሮ አንድ ቀን አላረፈም፤ ያ መኪና ሲያምሰው ይውላል፣ ሲያምሰው ያድራል። ፋዲላም ብትሆን በጠርሙሱ የምታደርገው ይሄንኑ ማሳረፍ ነው፤ ገንዳውን ለማሳረፍ ጊዜ አጥታ ይሆናል። እንዲህ አሰቡ። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የፓምፑን ሶኬት ከዲቫይደሩ ነቀሉት።

እንዳሰቡትም ሆነ። ብናኙ መስጠም ጀመረ፣ ከላይ ያለው ውሃ ቀጠን አለ። ወይዘሮ እልፍነሽ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አሰሩ፤ ቢጫውን ጆግ አምጥተው በርጩማ ላይ ወጡና የላይኛውን ውሃ በጥንቃቄ፣ ሥሩን ሳይበጠብጡ፣ እየቀዱ ፓፓያው ሥር ይደፉ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ዓሣዎቹ አንድ በአንድ ወደ ላይ መጥተው አፋቸውን ከፈቱ። ዓሣዎቹ የሰው ጥላ ሲያርፍባቸው ሁልጊዜ ለምግብ ይመጣሉ። ወይዘሮ እልፍነሽ የራባቸው መስሏቸው አንድ እፍኝ ጨመሩላቸው። አልበሉም።

የሙስሊም ቀብር አይቆይም። ፋዲላ ከቤተሰቧ ጋር ጥቂት ተቀምጣ፣ ለሦስተኛው ቀን እመለሳለሁ ብላ ተነሣች። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ የግቢውን በር ገፋች። ፓምፑ አይሰማም። ከጎረቤት ግን ቴሌቪዥን ይጮኻል፤ መብራት አለ ማለት ነው። ቦርሳዋን እዚያው በሩ ላይ ጣለችው።

የገንዳው ውሃ ገጽ በሙሉ አፍ ሆኗል። ክብ ክብ እያለ የሚከፈትና የሚዘጋ አፍ፣ ከዳር እስከ ዳር። ጥቂቶቹ በጎናቸው ተኝተዋል።

ፋዲላ በቀጥታ ወደ ፓምፑ ሄደች። ሶኬቱን ሰካች፣ ባትሪዋንም አገናኘችና ትንሿን ፓምፕ ጨመረች። ውሃው ከሥር እየተገላበጠ ጠቆረ። ከዚያ ሁለት ቀን ያደረ ውሃ ከተቀመጠበት በርሜል ባልዲ ሞላች።

«እትዬ፣ ይቀበሉኝ። ከላይ ከፍ አድርገው ይድፉት፤ አየር ይዞ ይግባ።»

ወይዘሮ እልፍነሽ ከበርጩማው አልወረዱም ነበር። ባልዲውን ተቀበሉ። ከብዷቸው ግማሹ ልብሳቸው ላይ ፈሰሰ። አሥራ ዘጠኝ ባልዲ ደፉ። መሃል ላይ ፋዲላ ስልኳን በትከሻዋ ይዛ ዱሬቲን አነጋገረች።

«ሞላሰስ እንዳትጨምሪ» አለች ዱሬቲ። «አየሩን ተሕዋስያኑም ይሻሙታል፣ ዓሣው ብቻ አይደለም። እስከ ነገም ምግብ የለም። የሞተውን ቶሎ ቶሎ አውጪ።»

አሥር ሰዓት ሲሆን አፎቹ ከላይ ጠፉ። በሕይወት የተረፈው ወደ ታች ወርዷል። የሞተው አንድ መቶ ስልሳ ሦስት ነበር። ፋዲላ በሦስት የልብስ ማጠቢያ ሳህን ደረደረችው። የመዳፍ ያህል የሆነ፣ ብርማ ቀለሙ ያልጠፋ ዓሣ ነበር። የጎረቤት ሴት በአጥሩ አይታ፣ ዛሬ የሞተ ከሆነ ምን አለበት፣ በቅናሽ ልውሰድ አለች።

«ሳወጣው ያልተንፈራገጠ አልሸጥም» አለች ፋዲላ። ከፓፓያው አጠገብ መቆፈር ጀመረች።

ወይዘሮ እልፍነሽ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ልብሳቸውን አልቀየሩም።

«እርሾ አላልሽኝም?» አሉ።

ፋዲላ ዶማዋን አቆመች። «ብዬዎታለሁ» አለች። ከዚያ ቁፋሮዋን ቀጠለች።

ጋሮምሳ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገባ። ሽታው ከበሩ ተቀበለው።

«ምንድን ነው፣ የባቱ ሐይቅ ቤታችን መጣ እንዴ?» አለ እየሳቀ። ሳህኖቹን ሲያይ ሳቁን ተወ። «አዴ ፋዲላ፣ ምን ሆነው ነው?»

ፋዲላ ወደ በረንዳው አላየችም። «መብራት ሄዶ ነው» አለች።

«ባትሪውስ?»

«ለቅሶ ሄጄ ነበር። ዴራ።»

ጋሮምሳ ጫማውን ከጭቃው አውጥቶ ድንጋይ ላይ ቆመ። ሳህኖቹን ቆጠራቸው፤ የተቆፈረውንም አየ። «ነፍስ ይማር» አለ። ቆይቶ ደግሞ ቀጠለ፤ «እኔ ክፉ ልሆንብዎት አይደለም። ግን አዳማ ውስጥ መብራት የማይሄድበት ሳምንት አለ? መብራት በሄደ ቁጥር ሰው ቁጭ ብሎ ካልጠበቀው እንዲህ የሚሆን ከሆነ፣ ይሄ ነገር እዚህ አይሆንም። እስከ ፋሲካ መጠበቁም ለእርስዎ ድካም ነው። የተረፈውን ይሽጡት። ቅዳሜ ግንበኛ እጠራለሁ።»

 ፋዲላ አንድ ቃል ብትናገር ነገሩ ይለወጥ ነበር። እጇ ላይ የደረቀውን ቅርፊት በጥፍሯ እየፋቀች ቆየች። ቅዳሜ ማለት ሦስት ቀን ነው። የበረዶው ሣጥን አልጋዋ ሥር ነው፤ ክዳኑ ላይ ልብስ ታስቀምጥበታለች።

«መብራት አልሄደም» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ።

ጋሮምሳ ዞረ።

«እኔ ነኝ የነቀልኩት።»

«ለምን?»

«እንዲያርፍ።»

«ምኑ?»

«እርሾው ነዋ። ኮምጥጦ ነበር። አሳርፌ ላዩን ልደፋ ነው።»

ጋሮምሳ እናቱን አየ፤ ፋዲላን አየ። «ታዲያ ለምን መብራት ሄደ ይላሉ?»

«ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች ፋዲላ። «እሳቸው እርሾ ላይ የሚደረገውን ነው ያደረጉት። እኔም አደራ ያልኩት እርሾውን ነው።»

ጋሮምሳ የበርሜሉ ክዳን ላይ ተቀመጠ። ብዙ ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው ስለሆነ ቀጥሎ የጠየቀው ሰነድ ነበር። «እስከዛሬ መብራት ሲሄድ ዓሣዎቹ ምን ሆነዋል? ጽፈውታል?»

ፋዲላ እጇን ታጥባ ደብተሩን አመጣችለት። ከጥቅምት ጀምሮ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። መብራት የሄደው አሥራ አንድ ጊዜ ነው። ረጅሙ ስድስት ሰዓት ፈጅቷል። ከእያንዳንዱ ጎን «በባትሪ አለፈ» የሚል ተጽፏል።

«በአሥራ አንዱም አንድ አልሞተም?»

«ሁለት ሞተዋል። እነሱም በመብራቱ አይደለም፤ ዘለው ወጥተው ነው።»

ጋሮምሳ ደብተሩን ዘግቶ መለሰላት። «እንደተባባልነው እስከ ፋሲካ ይቆይ» አለ። ወደ ቤት ሲገባ እናቱን «ልብስሽን ቀይሪ፣ ብርድ ይመታሻል» አላቸው።

ዱሬቲ በማግስቱ መጣች። ውሃውን በመሣሪያዋ ለካች፣ ሸራውን ዞር ዞር ብላ አየች፤ በሳምንት ውስጥ ብናኙ ይመለሳል አለች። ወይዘሮ እልፍነሽ አጠገቧ ቆመው ነበር።

«እኔ ያንን ፈረንጅኛ አልችለውም» አሉ። «እርሾም ካልሆነ ምን ልበለው?»

ዱሬቲ ስታስብ ፋዲላ ቀደመቻት። «ከብት ይበሉት እትዬ። ትንንሽ ከብቶች። ይበላሉ፣ ይራባሉ፣ ይተነፍሳሉ።»

«ሊጥ አይተነፍስም?»

«ይሄኛው ካልተነፈሰ ይሞታል።»

ወይዘሮ እልፍነሽ ጎንበስ ብለው ውሃውን አዩ። «መጀመሪያውኑ እንዲህ ብትዪኝ አፍንጫቸውን አልይዝም ነበር» አሉ። ዱሬቲ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

ከዚያ በኋላ ፋዲላ ለሦስተኛውም ለሰባተኛውም ቀን ዴራ ሄዳ ስትመጣ ፓምፑ ሲሠራ አገኘችው። ወይዘሮ እልፍነሽ ወንበራቸውን ከበረንዳው አንሥተው ከቆርቆሮው ጥላ አጠገብ አድርገው ነበር። ድምፁ ጆሯቸውን ቢያሳምማቸውም አልመለሱትም።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ ዓሣው ወጣ። ፋዲላና ዱሬቲ መረቡን በሁለት ወገን ይዘው ከዳር ወደ መሃል ጎተቱ። አራት መቶ ሃያ ሰባት ነበር። አብዛኛው ከመዳፍ አልፏል፤ ትልልቆቹ ሳህኑን እየመቱ ውሃ ረጩ። ገዢዎች ከበሩ እስከ መንገዱ ቆመው ስለነበር እስከ ቀትር ምንም አልተረፈም። ፋዲላ ውሃውን አልደፋችም፤ ለሚቀጥለው ጫጩት እንዳለ አቆየችው፣ ፓምፑም አልቆመም።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሰኞ ጋሮምሳ ግንበኛውን መርጋን ይዞ ገባ። መርጋ በኪሱ ሲባጎና አራት ችካል ነበረው። ከአጥሩ ጀምሮ በእርምጃ እየለካ ገንዳው ድረስ መጣ።

«ሁለት ክፍል ከሆነ ይሄ መነሣት አለበት» አለ መርጋ። «ይነሣል?»

ፋዲላ በሯ ላይ ተቀምጣ ፉርሽካ እየነፋች ነበር። ወንፊቱን አቆመች።

ጋሮምሳ ገንዳውን አየ። ከዚያ ራሱን አከከ። «እማዬን ጠይቃት» አለ።

ወይዘሮ እልፍነሽ ከፓምፑ አጠገብ ሆነው ቀና አሉ። «አንድ ክፍል ሥራ» አሉት መርጋን። «ችካልህን ከዛፉ ወዲያ ምታው። ደግሞ ሲሚንቶህን ወዲህ እንዳታቦንነው፤ ከብት አለ።»

መርጋ ከብቱን ፈልጎ ግቢውን ዙሪያውን ቃኘ። ምንም ስላላየ ትከሻውን ነቅንቆ ችካሉን ከፓፓያው ወዲያ መታ። ፋዲላ ወንፊቷን አንሥታ ሥራዋን ቀጠለች።